በእንግሊዝኛ ትንሽነትን የሚገልጹ ባዕድ መድረሻዎች፦ በአማርኛ «ትንሽ» የምትለው ቃል ብቻ ትበቃለች?

የሐይቅ ዳር መምህር፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ሐዋሳ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ከማስተማሩ ጎን ለጎን ደግሞ ለሕፃናት የሚሆኑ አጫጭር ጽሑፎችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። በቅርቡ ስለ እርሻ እንስሳት የተጻፈች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ መልሼ ለአርታኢዋ ሰጥቼ ነበር። ረቂቁ ሲመለስልኝ በቀይ እስክርቢቶ ደጋግሞ የተከበበው አንድ ቃል ነው፤ «ትንሽ»። ብቆጥረው በ24 ገጽ ውስጥ 31 ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ «ትንሽ ዳክዬ»፣ «ትንሽ አሳማ»፣ «ትንሽ ጉጉት»፣ «ትንሽ ኮረብታ»። አርታኢዋ በኅዳጉ ላይ «መምህር፣ እነዚህ እንስሳት ሁሉ የቀጨጩ ይመስላሉ» ብላ ጽፋለች። አባባሏ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ትክክል ናትና።

ስሕተቱ የመጣው የእንግሊዝኛውን አሠራር ቃል በቃል ከመከተሌ ነው። እንግሊዝኛ አንድን ነገር ሲያሳንስ ብዙ ጊዜ ከስሙ ጫፍ ላይ ባዕድ መድረሻ ይቀጥላል። «ዳክ» ላይ «-ሊንግ» ሲቀጠል «ዳክሊንግ»፣ «ፒግ» ላይ «-ሌት» ሲቀጠል «ፒግሌት»፣ «ሂል» ላይ «-ኦክ» ሲቀጠል «ሂሎክ» ይሆናል። እኔ ጭራውን እየቆረጥኩ በየስሙ ፊት «ትንሽ» የሚል ቅጽል አስቀመጥኩ። ነገር ግን ዳክሊንግ በቁመት ከእኩዮቿ ያነሰች ዳክዬ አይደለችም፤ ከእንቁላል የወጣች የዳክዬ ጫጩት ናት። ሂሎክም ቢሆን በአማርኛ ጉብታ የሚል የራሱ ስም አለው።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አንዱ መድረሻ በአንድ ትርጉም የማይረጋ መሆኑ ነው። «-ሊንግ»ን እንውሰድ። በ«ዳክሊንግ» እና የዝይ ጫጩት ማለት በሆነው «ጎዝሊንግ» ዕድሜን ያሳያል። «ዳርሊንግ» በሚለው ውስጥ ግን «ውድ» በሚል ቃል ላይ ተቀጥሎ ፍቅርን ይገልጻል። «አንደርሊንግ»፣ «ሃየርሊንግ»፣ «ዊክሊንግ» ሲባል ደግሞ ሰውን ማቃለያ ይሆናል፤ የመጀመሪያው የበታች ታዛዥ፣ ሁለተኛው ለገንዘብ ብቻ ያደረ ቅጥረኛ፣ ሦስተኛው አቅመ ቢስ ማለት ነው። አንድን ልዑል «ፕሪንስሊንግ» ብሎ የጠራ ሰው እያቆላመጠው ሳይሆን እየናቀው ነው። አንዱ ጭራ ከጫጩት ተነሥቶ፣ በፍቅር በኩል አልፎ፣ እስከ ንቀት ይደርሳል።

ክፍል ውስጥም ይኸው ጥያቄ ገጥሞኛል። ስለ «-ሌት» ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ቡክሌት ትንሽ ቡክ ከሆነ፣ አውትሌት ትንሽ አውት ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔ ግን ጠመኔዬን አስቀምጬ አመሰገንኳት፤ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነውና። መውጫ ማለት በሆነው «አውትሌት» እና መግቢያ ማለት በሆነው «ኢንሌት» ውስጥ ያለው «ሌት» ማሳለፍ፣ መልቀቅ የሚል ግሥ ነው። ማሳነሻው «-ሌት» ግን ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሌላ ነገር ነው። «ብሬስሌት» ደግሞ ክንድ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ክንድ ሳይሆን በክንድ ላይ የሚጠለቅ አምባር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ እንግሊዝኛ በቃሉ ጭራ የሚሠራውን ሥራ አማርኛ በምን ይሠራዋል? «ትንሽ» የሚለውን ቅጽል ከመደርደር የተሻለ መንገድ ያላችሁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።


የአሞራ ገደል ልጅ፦

መምህር፣ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ አንድ ቃል ልጨምርልዎት። የምሠራው በዓሣ ዙሪያ ነው። በአንድ ሥልጠና ላይ የተሰጠን የእንግሊዝኛ መመሪያ በየገጹ «ፊንገርሊንግ» ይል ነበር። ብዙዎቻችን የዓሣ ዝርያ ስም መሰለን። በኋላ ስንረዳው «ፊንገር» ጣት ነው፤ «-ሊንግ» ደግሞ እርስዎ የጠቀሱት መድረሻ ነው፤ ቁመቱ የሰው ጣት ያህል የደረሰ ያልጎለመሰ ዓሣ ማለት ነው። የግብርና ባለሙያዎቻችን «የዓሣ ጫጩት» ይሉታል። ዓሣ ላባ ባይኖረውም፣ እንቁላል ከሚጥል እናት ስለሚወለድ «ጫጩት» የሚለው ቃል አልከበደውም።

ጠዋት አሞራ ገደል ጀልባዎቹ ሲጠጉ የመጣ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላዋ ሲገፉ ቅርፊቱ እስከ ክርናቸው ይለጠፋል፤ አባ ኮዳ ደግሞ አንገቱን ሰብቆ ሆድ ዕቃው እስኪጣልለት ይጠብቃል። ከመረቡ ጥግ ላይ አልፎ አልፎ ጣት የምታክል ዓሣ ትገኛለች። ያቺን አይተው «ትንሽ ዓሣ» የሚሉ ሽማግሌ አስጋሪዎች አላጋጠሙኝም፤ «ገና ናት፣ መልሷት» ነው የሚሉት። እንደ እኔ አስተያየት «ገና ናት» የምትለዋ አነጋገር «ፊንገርሊንግ» የሚለውን ቃል ከየትኛውም ቅጽል የተሻለ ትተረጉመዋለች።


ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት፦

መምህር፣ ጥያቄዎን በደስታ አነበብኩት። መልሱን ግን እርስዎ ራስዎ በርዕስዎ ላይ ጽፈውታል። «ትንሽ የምትለው ቃል ብቻ ትበቃለች?» ብለዋል። ቃል በአማርኛ በተለምዶ ወንዴ ነው፤ «ቃሉ ይበቃል» እንላለን። እርስዎ ግን ሳያስቡት ወደ ሴቴ ጾታ አዞሩት፤ ምክንያቱም በልብዎ ያሳነሱት ነገር ነበር። የአማርኛ ዋነኛው ማሳነሻ ይህ ነው። «መጽሐፉ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ መጽሐፍ ይጠይቃል፤ «መጽሐፏ የት ሄደች?» ያለ ግን ወይ መጽሐፏ አነስ ያለች ናት፣ ወይ ይወዳታል። «ቤት ሠራ» እና «አንዲት ቤት ቀለሰ» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ የአሞራ ገደሉ ልጄም «ጣት የምታክል ዓሣ ትገኛለች» ብሏል፤ የዓሣዋን ጾታ መርምሮ አይደለም። እርስዎም ቢሆኑ «አንዲት ቀጭን መጽሐፍ» ብለው ነው የጀመሩት።

የእንግሊዝኛው መድረሻ ወደ ንቀት እንደሚያዘነብል ሁሉ የእኛም ሴቴ ጾታ እንደ አነጋገሩ ይለዋወጣል። እናት ወንድ ልጇን «ነይ እስቲ አንቺ» ስትለው ፍቅሯን እያፈሰሰችለት ነው፤ በጠብ መካከል ጎልማሳን በሴት አንቀጽ የጠራ ግን ዱላ ያማዝዛል። ፍቅሩንና ስድቡን የሚለየው የተናጋሪው ማንነትና ድምፁ እንጂ ቃሉ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ «-ዬ» ነው። «ሰላምዬ»፣ «እማዬ»፣ «ትንሽዬ»፣ «ሚጢጢዬ» ስንል እንሰማዋለን። የእንግሊዝኛው «-ኢ»ም የቅርብ አምሳያው ነው፤ «ዶግ» ያለው «ዶጊ»፣ «በርድ» ያለው «በርዲ»፣ «ጆን» ያለው «ጆኒ» ይላል። ይህ መድረሻ ከስኮትላንድ አነጋገር እንደ ተስፋፋ ይነገራል፤ እዚያ ልጁ «ላዲ»፣ ልጅቱ «ላሲ» ናት። በአውስትራሊያ ደግሞ ትንሽነቱ ጨርሶ ጠፍቶ ቅርበት ብቻ ቀርቶለታል፤ ቁርሳቸውን «ብሬኪ»፣ ከቤት ውጭ የሚጠብሱትን ሥጋ «ባርቢ» ሲሉ ቁርሱ አነሰ ማለታቸው አይደለም። የእኛ «እትዬ»ም እንዲሁ ናት፤ ታላቅ እኅትን የምንጠራበት የአክብሮት ቃል ሆና ሳለ በ«-ዬ» ትጨርሳለች። በአንጻሩ «ሰውዬ» እና «ሴትዮ» የሚሉትን ተመልከቱ፤ ቁልምጫ የሚመስለው ጭራ ከማያውቁት ወይም ካልወደዱት ሰው ማራቂያ ሆኗል። አንዲት እናት በገበያ መካከል «ሴትዮ» ተብላ ስትጠራ ፊቷ እንዴት እንደሚለወጥ ያየ ሰው ይህን ጉዳይ የሰዋስው ነገር ብቻ ነው አይልም።

ሦስተኛው መንገድ ለልጆች መጽሐፍ ዋነኛው ይመስለኛል። እንግሊዝኛ አንዱን ስም በጭራ የሚያሳንስበትን ቦታ እኛ ለብዙዎቹ እንስሳት ልጆች ሌላ ስም አውጥተን እንሞላዋለን፤ የላም ጥጃ፣ የበግና የፍየል ግልገል፣ የአህያና የፈረስ ውርንጭላ፣ የውሻ ቡችላ፣ የአንበሳ ደቦል፣ የዶሮ ጫጩት። ለተክልም ችግኝና ቡቃያ አሉን፤ እንግሊዝኛ እዚህም «-ሊንግ»ን ይዞ ይመጣል፤ ዘር ከሚለው ቃል «ሲድሊንግ» ይላል። እንግሊዝኛም እንዲህ ያሉ ስሞች አሉት፤ ጥጃና ውርንጭላ በእንግሊዝኛም የራሳቸው ቃል አላቸው። ስለዚህ በእርስዎ ረቂቅ ውስጥ «ትንሽ ዳክዬ» ያለው ሁሉ «የዳክዬ ጫጩት» ቢባል፣ «ትንሽ ጉጉት» ያለውም «የጉጉት ጫጩት» ቢባል ግማሹ ችግር ይቃለላል።


የማታ ተማሪ፦

እትዬ መምህርት፣ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔ የምቸገረው ከመድረሻው ይልቅ «ስሞል» እና «ሊትል» በሚሉት ነው። ስለ ታናሽ ወንድሜ ስጽፍ «ስሞል» ብዬ ተቀንሶብኛል። «ሊትል ገንዘብ አለኝ» እና «አ ሊትል ገንዘብ አለኝ» የሚሉት ደግሞ በአንዲት ፊደል ምክንያት ተቃራኒ ናቸው ተብሏል። በአማርኛ ሁለቱም «ትንሽ ገንዘብ አለኝ» አይደሉምን?


የሐይቅ ዳር መምህር፦

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ይጠይቁኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

«ስሞል» መለኪያ ነው። ሁለት ነገሮችን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ የትኛው እንደሚያንስ ይናገራል፤ ስለዚህ ለጫማ ቁጥር፣ ለክፍል ስፋት፣ ለድርሻ የሚያገለግለው እርሱ ነው። «ሊትል» ግን የተናጋሪውን ስሜት ይዞ ይመጣል። «ስሞል ሃውስ» ያለ ሰው የቤቱን ስፋት ነገረን፤ «ናይስ ሊትል ሃውስ» ያለው ግን ቤቷን ወዷታል። እትዬ ያስተማሩንን ብንከተል የመጀመሪያው «ቤቱ ትንሽ ነው»፣ ሁለተኛው «ደስ የምትል ቤት ናት» ይሆናል፤ በሁለተኛው ላይ «ትንሽ» የሚለው ቃል ጨርሶ ባይገባም ትንሽነቷ በ«ናት» ውስጥ ገብቷል። ስለ ወንድምዎ ሲሆን «ሊትል ብራዘር» ታናሽ ማለት ነው፤ «ስሞል» ካሉት ግን ስለ ቁመቱ እየተናገሩ ይመስላል። አማርኛ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ «አነሰ» ከሚለው አንድ ግሥ ትንሽን ለመጠን፣ ታናሽን ለዕድሜ፣ አነስተኛን ለደረጃ፣ አናሳን ለቁጥር አውጥቶ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጧል። ታናሽ ወንድሙን «ትንሽ ወንድሜ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሲሳሳቱ ስሜቱን ስለማያውቁት ሳይሆን፣ «ታናሽ»ን ወደ «ትንሽ» ካወረዱ በኋላ ስለ ተረጎሙት ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ያቺ «አ» ዓይንን የምታዞር ምልክት ናት። «አ ሊትል» ያለው ያለውን ያያል፤ ያለ «አ» «ሊትል» ያለው የጎደለውን ያያል። በአማርኛ ይህን የምንለየው በዓረፍተ ነገሩ አደራደር ነው። «ትንሽም ብትሆን ገንዘብ አለችኝ» ካሉ መጀመሪያውን ተናግረዋል፤ ጓደኛዎ ሻይ ሊጋብዝዎት ሲል እንደሚመልሱት ነው። «ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው» ካሉ ግን ሁለተኛውን ተናግረዋል፤ ይህ የቤት ኪራይ ሲጨመርብዎት የሚሉት ነው። ፈተና ላይ ዓረፍተ ነገሩን በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች በልብዎ ያንብቡትና የትኛው እንደሚስማማው ይፈትኑ።


ፋርማሲስቷ፦

እኔ ደግሞ በየቀኑ በእጄ የሚያልፉትን ቃላት ላምጣ። ካፕሱል በላቲን ትንሽ ሣጥን ማለት ነው፤ «ካፕሳ» ሣጥን ነው፤ «-ኡላ» ማሳነሻው ነው። ታብሌት ከፈረንሳይኛ የመጣ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሞለኪውል ትንሽ ክምችት፣ ፓርቲክል ትንሽ ክፋይ ማለት ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ «መስል» የሚለው የጡንቻ ስም ነው፤ በላቲን «ትንሽ አይጥ» ማለት ነው፤ ክንድ ሲታጠፍ ጡንቻው ከቆዳው ሥር እንደ አይጥ ስለሚንቀሳቀስ ነው ይባላል።

በዚህ ዓይን ስንመለከተው በአማርኛ ውስጥ የሚኖሩ የባዕድ ትንንሾች ብዙ ናቸው። በጀት በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ትንሽ የቆዳ ከረጢት ነበረ፤ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመንግሥት ገንዘብ ዕቅድ ሆኗል። ካሴት ትንሽ ሣጥን ነው። የመብራት አምፖል የምንለውም ትንሽ ማሰሮ ከሚል የላቲን ቃል የሚወርድ ነው። እንግሊዝኛ ትንኝን የሚጠራበት «ሞስኪቶ» የሚለው ቃል ከስፓኒሽ የተወሰደ ሲሆን ትንሽ ዝንብ ማለት ነው፤ ከሐይቁ ዳር ለምንኖር ሰዎች ስሟ ከጠባይዋ ጋር አይመጣጠንም። በመጨረሻም ስፓጌቲ፦ ጣሊያንኛው «ስፓጎ» ገመድ ነው፤ «ስፓጌቲ» ትንንሽ ገመዶች ማለት ነው። «ስፓጎ» ራሱ በአማርኛ ገብቶ ሲባጎ ሆኗል። በገበያ ዕቃ የምናስርበት ሲባጎና በሳህን የሚቀርብልን ስፓጌቲ ወላጅና ልጅ መሆናቸውን ካወቅሁ በኋላ አንዱን ሳይ ሌላውን ሳላስታውስ አልቀርም።


የብራና ጸሐፊ፦

ከእኅቴ ከፋርማሲስቷ ጽሑፍ ቀጥሎ ስለ «ሚኒ» አንድ ነገር ለመናገር ፈለግሁ። ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ የምንሄድበትን መኪና ሚኒባስ እንለዋለን፤ አጭሩን ቀሚስ ሚኒ እንለዋለን። ብዙ ሰው «ሚኒ» በላቲን «ያነሰ» ከሚለው የወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ወደ እኔ ሙያ የቀረበ ነው። «ሚኒየም» በላቲን ከእርሳስ የሚገኝ ቀይ ቀለም ነው። በአውሮፓ የብራና ጸሐፊዎች በዚህ ቀለም አርእስቱንና የመጀመሪያውን ፊደል ያስጌጡ ነበር፤ ከዚያ ሥራ በጣሊያንኛ «ሚኒያቱራ» የሚል ቃል ወጣ። በመጽሐፍ ውስጥ የሚገቡት ሥዕሎች ትንንሽ ስለ ነበሩና ቃሉም «ማነስ» ከሚሉት የላቲን ቃላት ጋር ስለ ተመሳሰለ ትርጉሙ ከቀለሙ ወደ ትንሽነት ተሻገረ፤ እንግሊዝኛም «ሚኒያቸር» ያለውን አሳጥሮ «ሚኒ» አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 «ሚኒ» የምትባለው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ከወጣች በኋላ ቃሉ በብዙ ነገር ላይ ይቀጠል ጀመር።

እኛም በግእዝ መጻሕፍት የቅዱሳንን ስምና የምዕራፉን መጀመሪያ በቀይ ቀለም እንጽፋለን። ቀይ ቀለም በጥቁሩ መካከል የሚገባው ሊያከብር ነው። በአውሮፓ ያው ልማድ የትንሽነት ስም ወልዶ መቅረቱ ብዙ ጊዜ ቀለሜን እየበጠበጥኩ የማስበው ነገር ነው።


የዳቶ ነዋሪት፦

«-ኤት» የሚለው መድረሻ ስላልተነሣ እኔ ላንሣው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሦስት ሥራም አለው። በ«ሲጋሬት» ትንሽ ሲጋር፣ በ«ኪችኔት» ትንሽ ማድ ቤት ብሎ ያሳንሳል። በ«ሌዘሬት» ግን ቆዳ መሳይ ብሎ ማስመሰያ ይሆናል። ሦስተኛው ሥራው ሴትነትን ማመልከት ነው፤ በዚህ ሥራው ላይ አንድ የማይረሳ ታሪክ አለ።

በእንግሊዝ አገር ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ሰዎች መጀመሪያ «ሰፍራጂስት» ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ ኤምሊን ፓንክኸርስትና ልጆቿ የሚመሩትን ኃይለኛውን ወገን ለማሳነስ «-ኤት»ን ቀጥሎ «ሰፍራጄት» አላቸው። ሴቶቹ ስሙን አልገፉትም፤ ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጡትን ጋዜጣቸውን በዚሁ ስም ሰየሙት። ዛሬ ታሪክ የሚያስታውሳቸው በዚያ ማሳነሻ ስም ነው፤ ማሳነሱ ግን ተሟጥጦ ወጥቶለታል።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የኤምሊን ልጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁማ ለዓመታት ስትጮህልን ኖራለች፤ በኋላም በ1956 መጥታ አዲስ አበባ ኖረች፤ በ1960 ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ባይሆንም በዚያ ባለፍኩ ጊዜ ያቺን በሁለት «ቲ» የምትጻፍ ጭራ አስታውሳለሁ። ሴት ልጆቼን «ሰዎች ሲያሳንሷችሁ» ብዬ ስመክር የምነግራቸውም ይህንኑ ነው።


ድምፅ አዳማጭ፦

ለምን «-ኢ» እና «-ዬ» ተመሳሰሉ ለሚለው መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ኤድዋርድ ሳፒር የተባለ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጥናት «ሚል» እና «ማል» የሚሉ ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ለሰዎች ሰጥቶ፣ አንዱ ትልቅ ጠረጴዛ ሌላው ትንሽ ጠረጴዛ ቢሆን የትኛው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። አብዛኞቹ «ሚል»ን ለትንሹ ሰጡት። አፍ ጠበብ ብሎ የሚወጣው ድምፅ ትንሽነትን ያሳያል ማለት ነው። «ሚጢጢ»፣ «ሚኒ»፣ «ሊትል»፣ «ቲኒ» ሁሉም በዚህ ድምፅ ይሄዳሉ።


ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት፦

ጥናቱ መልካም ነው፤ ሕግ አድርገን ግን አንያዘው። በእንግሊዝኛ ትልቅ ማለት «ቢግ» ነው፣ ትንሽ ማለት «ስሞል» ነው፤ ድምፁ በሁለቱም ተገላብጧል። በአማርኛም ትልቅና ትንሽ አንድ ዓይነት ሳድስ ይዘው ይጀምራሉ።

ይልቁንስ ያልተነሣውን «-ኢሽ»ን ላንሣ። እንግሊዝኛ «ሬድ» ብሎ ቀይ፣ «ሬዲሽ» ብሎ ደግሞ ቀላ ያለ ይላል፤ «ቶሊሽ» ሲል ረዘም ያለ ማለቱ ነው፤ «ሰቨኒሽ» ሲልም ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚደነቅ ብልሃት አለው፤ ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ሞላ ያለ ብሎ ቅጽሉን ያላላዋል። ከእንግሊዝኛውም ርቆ ግሥን ሳይቀር ያሳንሳል፤ በሩን ከፈት አደረገ፣ ዘንበል አለ፣ ቀመስ አደረገ፣ ፈቀቅ አለ። «በሩን ከፈት አደረገ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ «አ ሊትል» የሚል ተጨማሪ ቃል ያስፈልጋል፤ በእኛ ግን ግሡ ራሱ አንሷል።

ሌላው መንገድ ድርብ ማድረግ ነው፤ ትንሽ ሲበዛ ትንንሽ ይሆናል። ከባንክና ከቀበሌ ወረቀት የምናውቀው «ጥቃቅንና አነስተኛ» የሚለው ሐረግም የእንግሊዝኛው «ማይክሮ ኤንድ ስሞል» ትርጉም ነው፤ «ማይክሮ» በግሪክኛ ትንሽ ማለት ሲሆን በልክ ሲገባ አንድ ሚሊዮነኛ ነው። ይህን ቃል የተረጎመው ሰው ሁለት ጊዜ «ትንሽ» አላለም፤ ከአማርኛ ጎተራ ሁለት የተለያዩ ቃላት አውጥቶ ደረጃውን ለየ። መምህር፣ የእርስዎም ሥራ እንደዚህ እንዲሆን እመኛለሁ።


አዲስ ተርጓሚ፦

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ካልተስማማችሁ አርሙኝ። «-ዬ»ን ለሙያ ቃላት ብንጠቀምበትስ? «ቡክሌት» ለሚለው «መጽሐፍዬ»፣ «ሊፍሌት» ለሚለው «ቅጠልዬ» ብንል አንድ ወጥ ሥርዓት ይኖረናል።


ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት፦

አስተሳሰብዎ ንጹሕ ነው፤ ግን አልስማማበትም። «መጽሐፍዬ» የሚለውን የሰማ ሰው መጽሐፉን የሚያባብል ሰው ድምፅ ይሰማዋል፤ ስለ ግብር አከፋፈል የተጻፈ ወረቀት «ቅጠልዬ» ቢባል የሚያነበው አይኖርም። ለ«ሊፍሌት» «በራሪ ወረቀት» የሚል ቃል አለን፤ እንግሊዝኛው ቅጠሏን አየ፣ አማርኛው መብረሯን አየ። ለ«ቡክሌት» «አነስተኛ መጽሐፍ» ይበቃዋል፤ ለንዑስ ክፍሎችም ከግእዝ የመጣው «ንዑስ» አለን። ሌላው ቀርቶ ደቂቃ የሚለውን ተመልከቱ፤ ከ«ደቀቀ» ጋር ዘመድ ነው፣ የደቀቀ የሰዓት ክፋይ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ሚኒት»ም በላቲን «ያነሰ ክፋይ» ነው፤ ጭራ ሳይቀጥሉ ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ተገናኝተዋል።


የሐይቅ ዳር መምህር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቂቁን እንደገና ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ 31 የነበረው «ትንሽ» ወደ 4 ወርዷል፤ የቀሩት አራቱ በእርግጥ ስለ መጠን የሚናገሩ ናቸው። ዳክሊንግ የዳክዬ ጫጩት፣ ሂሎክ ጉብታ፣ «ሬዲሽ» የተባለችው ዶሮ ቀላ ያለች ሆናለች። የአሞራ ገደሉ ወንድሜ የነገረኝን «ገና ናት»ን ደግሞ ስለ ዓሣው በሚናገረው ገጽ ላይ አስገብቼዋለሁ።

ያልተፈታልኝ ፒግሌት ነው። አሳማን በየቤታችን ስለማናረባ ልጁን የምንጠራበት የለመድነው ስም የለንም። «የአሳማ ልጅ» ብዬ ጽፌ ጮክ ብዬ ሳነበው ደነገጥኩ።


ጡረተኛዋ የአማርኛ መምህርት፦

መደንገጥዎ ተገቢ ነው፤ «የአሳማ ልጅ» እንደ «የውሻ ልጅ» ስድብ ነው፤ ለሕፃናት መጽሐፍ አይሆንም። «ግልገል» የበግና የፍየል ነው ብለው የሚከራከሩ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ሰው በአነጋገሩ ለሌሎች እንስሳትም ሲያውሰው እሰማለሁ፤ እንደ ዓሣው «ጫጩት» ማለት ነው። «ግልገል አሳማ» ይበሉ፤ ግሡንም በሴቴ ይጨርሱት።


የሐይቅ ዳር መምህር፦

እትዬ፣ እንዳሉት አድርጌያለሁ። ገጽ 9 አሁን «ግልገሏ አሳማ ጭቃው ውስጥ ተንከባለለችና ጆሮዋን አራገፈች» ይላል። ዛሬ ጠዋት ለአርታኢዋ ልኬዋለሁ።